የትራፊክ ጥፋት ሪከርድ ይዞ የከባድ መኪና ሥራ መፈለግ፦ በአሜሪካ የገጠመኝና የተማርኩት

ለሦስት ሳምንታት ያህል መልካም ሲሄድ የቆየው የሥራ ማመልከቻዬ የተዘጋው በአንዲት ምልክት ምክንያት ነው። ቅጹ ላይ «የመንጃ ፈቃድዎ ታግዶ፣ ተሰርዞ ወይም ተከልክለው ያውቃሉ?» የሚል ጥያቄ ነበረበት፤ እኔም ሳላመነታ «የለም» ከሚለው ፊት ምልክት አደረግሁ። የድርጅቱ የሴፍቲ (የደህንነት) ክፍል ሠራተኛ ስትደውልልኝ ሥልጠና የምጀምርበትን ቀን ልትነግረኝ መስሎኝ ስልኩን በደስታ ነበር ያነሳሁት። እሷ ግን «ቀድሞ በኖሩበት ስቴት ፈቃድዎ ለአሥራ ዘጠኝ ቀናት ታግዶ እንደነበር ሪከርድዎ ላይ ሰፍሯል፤ ለምን አልገለጹልንም?» ስትል ጠየቀችኝ። ስለ እገዳው ምንም እንደማላውቅ ደጋግሜ ብነግራትም፣ ድርጅቱ በማመልከቻው ላይ የተጻፈውና በሪከርዱ ላይ ያለው ሲለያይ እንደማይቀጥር ገልጻ፣ በትሕትና ተሰናብታኝ ስልኩን ዘጋችው።

ይህን የምጽፈው በአሜሪካ በከባድ መኪና ሥራ ለሚተዳደሩና ለመግባት ለሚያስቡ አማርኛ አንባቢዎች ነው። ብዙዎቻችን ኑሯችንን የመሠረትነው በሲዲኤል፣ ማለትም በንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ነው፤ ሆኖም ትኬት (የትራፊክ ቅጣት) ያለበት ሰው ሥራ ስለማግኘቱ የምንነጋገረው ባብዛኛው በወሬ ነው። አንዱ «ሦስት ዓመት ካለፈው አይቆጠርም» ይላል፣ ሌላው «በግል መኪናህ ያገኘኸው ከሥራህ ጋር አይገናኝም» ይላል፣ ሌላው ደግሞ «ገንዘቡን ከከፈልክ አለቀ» ይላል። እኔ ሦስቱንም አምኜ ነበር፤ ሦስቱም ጎድተውኛል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ደንቦች በመላው አገሪቱ የሚሠራባቸው የፌዴራል ደንቦች ናቸው፤ ስቴቶችና ድርጅቶች በዚያ ላይ የራሳቸውን እንደሚጨምሩ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በዚያ ጊዜ የነበረብኝ ነገር ከባድ የሚባል አልነበረም። በትራክ ስሄድ የተቀጣሁበት አንድ የፍጥነት ትኬት፣ በግል መኪናዬ ቀይ መብራት በማለፍ የመጣ አንድ ትኬት፣ ቆሜ ሳለ ከኋላ የተገጨሁበት አንድ አደጋ፣ እንዲሁም በአንድ የሚዛን ጣቢያ ኢንስፔክሽን (የመኪና ፍተሻ) ላይ የተመዘገበብኝ የጭነት ማሰር ጉድለት ነበሩ። ማመልከቻውን ስሞላ ሁለቱን ትኬቶች ከትዝታዬ ጻፍኩ፤ አደጋውን ጥፋቱ የኔ ስላልነበረ ተውኩት፤ ኢንስፔክሽኑንም ረሳሁት። እገዳውን ደግሞ ከነጭራሹ አላውቀውም ነበር።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የደወልኩት ጋሼ እያልኩ ለምጠራቸው፣ በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ለቆዩ ታላቅ ባልደረባዬ ነው። ነገሩን አድምጠው ሲጨርሱ «አንተ ልጅ፣ ኤምቪአርህን አውጥተህ አይተኸው ታውቃለህ?» አሉኝ።

«የለም ጋሼ፣ ድርጅቶቹ ራሳቸው የሚያወጡት ወረቀት መስሎኝ ነበር።»

«እነሱ ስለ አንተ የሚያውቁትን አንተ ሳታውቅ ማመልከቻ ትፈርማለህ እንዴ? ነገ ከሁለቱም ስቴት አውጣው። ስታገኘው እኔ ጋ ይዘኸው ና፣ አብረን እናየዋለን።»

ኤምቪአር የሚባለው መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የስቴት መሥሪያ ቤት የሚይዘው የአሽከርካሪ መዝገብ ነው። ማንም ሰው የራሱን መጠየቅ ይችላል፤ በብዙ ስቴቶችም በኢንተርኔት ይገኛል። ቀጣሪ ድርጅት ደግሞ ላለፉት 3 ዓመታት ፈቃድ ከያዝክባቸው ስቴቶች ሁሉ ይህን መዝገብ እንዲያወጣ በፌዴራል ደንብ ይገደዳል። ስለዚህ አድራሻ ቀይረህ ወደ ሌላ ስቴት ስትዛወር የቀድሞው መዝገብ ወደ ኋላ የሚቀር ከመሰለህ ተሳስተሃል። የኔንም ችግር ይዞ የመጣው ትቼው የሄድኩት ስቴት መዝገብ ነበር።

ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስናየው ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው መስመር በመስመር ወረዱ። ከቀዩ መብራት ትኬት ሥር «ዲ53» የሚል ኮድ ያለበት መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ይህ ኮድ ስቴቶች የአሽከርካሪ መረጃ ሲለዋወጡ የሚጠቀሙበት ሲሆን፣ የተወሰነ ቅጣት ወይም ወጪ አለመክፈልን ያመለክታል። ታሪኩ ያን ጊዜ ተገለጠልኝ። የትኬቱን ቅጣት ስከፍል የፍርድ ቤቱን ወጪ ሳልጨምር ቀርቼ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው የተላከው ደግሞ ለቅቄው ወደ ወጣሁት አፓርታማ ነው። ቆይቶ ቀሪ ሂሳብ እንዳለብኝ የሚገልጽ ወረቀት እጄ ሲገባ በዕለቱ ከፍዬ ጉዳዩን ረሳሁት። ከከፈልኩት ውስጥ ፈቃድ የማስመለሻ ክፍያ የሚል መስመር እንደነበረበት ያስተዋልኩት ደረሰኙን ከዓመታት በኋላ ከኢሜይሌ ፈልጌ ሳወጣው ነው። በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀናት ጭነት ይዤ ስንት ስቴት እንዳቋረጥኩ ሳስብ እስከ ዛሬ ድረስ ይዘገንነኛል፤ በዚያ መሃል ፖሊስ አስቁሞኝ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በሥራ ማጣት ብቻ አይቆምም ነበር።

ጋሼ ያሳዩኝ ሁለተኛው ነገር ቀኖቹን ነው። መዝገቡ ላይ እያንዳንዱ ጥፋት ሁለት ቀን አለው፤ አንዱ ጥፋቱ የተፈጸመበት፣ ሌላው የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠበት። የኔ የፍጥነት ትኬት ላይ በሁለቱ መካከል የአምስት ወር ልዩነት ነበር። የፌዴራሉ ደንብ በማመልከቻ ላይ እንድንዘረዝር የሚጠይቀው ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ የተፈረደብንን ከፓርኪንግ በስተቀር ያለውን የትራፊክ ጥፋት ሁሉ ስለሆነ፣ ፖሊስ ካስቆመህ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ቢሆንም ውሳኔው ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወሩ ከሆነ መጻፍ አለብህ። ድርጅቶች ደግሞ ከዚህ አልፈው አምስት፣ ሰባት ወይም አሥር ዓመት ሊጠይቁ ይችላሉ። ስለዚህ ቅጹ ስንት ዓመት እንደሚጠይቅና ከየትኛው ቀን እንደሚቆጥር በጥንቃቄ አንብቦ መልስ መስጠት ያሻል። እኔ ግን የጻፍኩት የማስታውሰውን ወር ነበር፤ እሱም ስሕተት ነበር።

«ከከፈልክ አለቀ» የሚለው ወሬ ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚጎዳ ይመስለኛል፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በፌዴራሉ ደንብ ትርጉም መሠረት የትኬት ቅጣት ወይም የፍርድ ቤት ወጪ መክፈል ራሱ እንደ ጥፋተኝነት ውሳኔ ይቆጠራል። እኔ ፖሊስ ባስቆመኝ ዕለት ማታ ትራኩ ውስጥ ተቀምጬ፣ ነገሩ ከአእምሮዬ እንዲወጣልኝ ብዬ በስልኬ ከፈልኩት። የተፈቀደው 65 ማይል በሰዓት ሲሆን ትኬቱ ላይ የተጻፈው 81 ነበር፤ ልዩነቱ 16 ማይል ማለት ነው። በ14 ማይልና በ15 ማይል መካከል ያለው አንድ ማይል ምን ያህል ትርጉም እንዳለው አላውቅም ነበር። በሲዲኤል ደንብ ከተፈቀደው በ15 ማይልና ከዚያ በላይ ማለፍ «ሲሪየስ» (ከባድ) ከሚባሉት ጥፋቶች አንዱ ነው። ሕግ በሚከለክለው አኳኋን መስመር መቀየር፣ ከፊት ያለውን መኪና አስጠግቶ መከተል፣ በግድየለሽነት ማሽከርከር፣ እየነዱ ቴክስት መጻፍና ስልክ በእጅ ይዞ መጠቀምም እዚያው ውስጥ ናቸው። በከባድ መኪና ላይ እያሉ ከእነዚህ ሁለቱ በ3 ዓመት ውስጥ ከተፈረዱብህ ለ60 ቀን፣ ሦስት ከሆኑ ለ120 ቀን የንግድ መኪና ከማሽከርከር ትታገዳለህ። ስለዚህ አንድ እንዲህ ያለ ትኬት ያለበትን ሰው የሚቀጥር ድርጅት፣ አንድ ስሕተት ብቻ ከተጨመረ ትራኩ ሁለት ወር ሊቆምበት እንደሚችል አስቦ ነው የሚወስነው።

ትኬት የደረሰህ ወንድሜ ወይም እህቴ፣ እባክህ፣ እባክሽ፣ በዚያው ማታ አትክፈሉ። በትኬቱ ላይ የተጻፈውን የመልስ ቀን ሳታሳልፉ፣ ሲዲኤል ያላቸውን ሰዎች ጉዳይ የሚያውቅ የትራፊክ ጠበቃ አነጋግሩ፤ ክሱን መከራከርም መብታችሁ ነው። ሆኖም ለተራ አሽከርካሪዎች የሚሠራው ኮርስ ወስዶ ትኬቱን ከመዝገብ የማስቀረት መንገድ ለእኛ ዝግ መሆኑን እወቁ። ስቴቶች የሲዲኤል ባለቤት የተፈረደበትን ጥፋት እንዳይሸፍኑ፣ ውሳኔውን እንዳያዘገዩ ወይም በልዩ ፕሮግራም ከመዝገብ እንዳያስቀሩ የፌዴራል ደንብ ይከለክላቸዋል። ይህ ክልከላ በግል መኪና የተፈጸመውንም ጥፋት ይጨምራል። የግል መኪና ትኬት ከሥራ ጋር አይገናኝም የሚለው ወሬ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ በማመልከቻም ላይ እንዲሁ ይጻፋል። ጠጥቶ ማሽከርከር፣ የአልኮል ምርመራን እምቢ ማለትና አደጋ ከደረሰበት ቦታ ጥሎ መሄድ ደግሞ በግል መኪናም ቢሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ቢያንስ 1 ዓመት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ዕድሜ ልክ ከንግድ መኪና ያሳግዳሉ።

ከኤምቪአሩ ቀጥሎ ያወጣሁት ፒኤስፒ የሚባለውን ሪፖርት ነው። ይህ የሚመጣው የከባድ መኪና ትራንስፖርት ደህንነትን ከሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ከኤፍኤምሲኤስኤ፣ ሲሆን ያለፉትን 5 ዓመታት አደጋዎችና ያለፉትን 3 ዓመታት የመንገድ ላይ ኢንስፔክሽኖች ያሳያል። ቀጣሪ ሊያየው የሚችለው በጽሑፍ ስትፈቅድለት ብቻ ነው፤ አንተ ግን የራስህን በማንኛውም ጊዜ ማውጣት ትችላለህ። እዚያ ላይ ያገኘሁት አስደነገጠኝ። ትኬት ያልተጻፈበት ጉድለት ሁሉ ተመዝግቧል፤ ቆሜ የተገጨሁበት አደጋም ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይገለጽ ከስሜ ሥር ተቀምጧል። ድርጅቱ ያን አይቶ፣ እኔ ደግሞ በማመልከቻዬ ላይ «አደጋ፦ የለም» ብዬ ጽፌ፣ የሴፍቲ ክፍሏ ሠራተኛ ምን ብላ ልታምነኝ ትችል ነበር? ደንቡ የሚጠይቀው የደረሰብህን አደጋ እንድትዘረዝር እንጂ ጥፋተኛ የሆንክበትን ብቻ እንድትመርጥ አይደለም።

ስሕተት ያለበት ወይም ያልተሟላ መረጃ የሚታረምበት መንገድ ዳታኪውስ የሚባለው የኤፍኤምሲኤስኤ የኢንተርኔት ሥርዓት ነው። የጭነት ማሰሩን ጉድለት በተመለከተ ትኬት ተጽፎብኝ ስለነበር ፍርድ ቤት ተከራክሬ ክሱ ተሰርዞልኝ ነበር፤ ያም ሆኖ ኢንስፔክሽኑ ላይ እንደ ነበረ ተቀምጧል። የፍርድ ቤቱን ማኅተም ያለበትን ወረቀት አያይዤ በዳታኪውስ አቀረብኩና ጉድለቱ ከሪፖርቱ ወጣልኝ። ክሱ መሰረዙ በራሱ ወደዚያ እንደማይተላለፍና እኔው ካላስገባሁት ማንም እንደማያስገባልኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለአደጋውም የፖሊሱን ሪፖርት ጨምሬ በዚያው ሥርዓት አመለከትኩ፤ ከኋላ መገጨት አሽከርካሪው ሊያስቀረው ይችል እንደነበር ከሚገመገምባቸው የአደጋ ዓይነቶች አንዱ ነውና። ወራት ቢፈጅም «ማስቀረት የማይቻል» የሚል ውሳኔ መጣልኝ። አደጋው ከመዝገቡ አይጠፋም፤ ነገር ግን ውሳኔው ከጎኑ ይሰፍራል።

እገዳውን ግን ማንሳት አልተቻለም። እውነተኛ መዝገብ ነውና ሊሰረዝ አይገባውም፤ «እኔ አስወግድልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁም እንዳታምኑት።

ከዚያ በኋላ ማመልከት የጀመርኩት በሌላ መንገድ ነው። አስቀድሜ አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጀሁ፤ እያንዳንዱን ትኬት በጥፋቱ ቀን፣ በውሳኔው ቀን፣ በስቴቱና በመኪናው ዓይነት ዘረዘርኩ፤ ስለ እገዳው ደግሞ የሆነውን በሁለት መስመር ብቻ ጽፌ የክፍያውን ደረሰኝና እገዳው የተነሳበትን ማረጋገጫ አያያዝኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ሙሉ ገጽ ሙግት ነበር፤ አፓርታማውን፣ ፖስታ ቤቱን፣ የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ ሁሉ የሚወቅስ። ጋሼ አነበቡትና «ይኼ ሁሉ ለምን? የሆነውን ጻፍ፣ ያረምከውን ጻፍ፣ በቃ» ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ሪከርድ የሚያየው ሰው በቀን ብዙ ፋይል ስለሚያገላብጥ የሚፈልገው ቀንና ማስረጃ ነው።

የምነጋገረውንም ሰው መለየት ተማርኩ። ሪክሩተሩ፣ ማለትም ሠራተኛ የሚመለምለው ሰው፣ ወንበሩን መሙላት ስለሚፈልግ «ችግር የለም፣ ማመልከቻውን ላክ» ይላል፤ የሚወስነው ግን የሴፍቲ ክፍሉ ነው፤ ከእሱም በስተጀርባ የድርጅቱ ኢንሹራንስ አለ። ብዙ ጊዜ የሚከለክለው ሕጉ ሳይሆን ኢንሹራንሱ ያስቀመጠው መለኪያ ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ትኬት፣ ስንት አደጋ፣ ስንት ዓመት ልምድ እያለ የሚቆጥር። ይህ ከድርጅት ድርጅት ስለሚለያይ፣ አንዱ ጋ የተዘጋው በር ሌላው ጋ ክፍት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሙሉ ማመልከቻ ከመላኬ በፊት ደውዬ «በትራክ አንድ ከ15 ማይል በላይ የሆነ የፍጥነት ጥፋት አለብኝ፤ ውሳኔው የተሰጠው በዚህ ወር ነው፤ ባለመክፈል የመጣ አጭር እገዳም አለ፤ መለኪያችሁ ይፈቅዳል?» ብዬ እጠይቅ ጀመር። ሁለት ድርጅቶች በዚያው ስልክ አይፈቅድም አሉኝ። ቅር አላለኝም፤ ሦስት ሳምንት ከመጠበቅ ያንን በአምስት ደቂቃ ማወቅ ይሻላል።

ሦስተኛው ድርጅት ጠርቶ አነጋገረኝ። የሴፍቲ ኃላፊው ጽሑፌን በአንድ እጁ፣ እነሱ ያወጡትን መዝገብ በሌላው ይዞ ከላይ እስከ ታች አመሳከረ፤ ለብዙ ደቂቃ አንድም ቃል አልተናገረም። ሲጨርስ ሁለቱን ወረቀት ደርቦ አስቀመጠና «ስለ ፍጥነቱ ንገረኝ» አለ። ቁልቁለት እንደነበር፣ ጭነቱ ከባድ ሆኖ ሳለ ጊርና ሞተር ብሬኩን ሳላዘጋጅ ከጫፉ መውረድ እንደጀመርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነቴን እንደምቀንስ ነገርኩት። የቀጠለው ጥያቄ ስለ ቁልቁለት አነዳድ ነበር፤ ስለ እገዳው አንድም አልጠየቀኝም። የቀጠሩኝ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአሠልጣኝ ጋር እንድነዳ በሚል ሁኔታ ነው፤ ከአራት ዓመት ልምድ በኋላ ተማሪ መሆን ቢከብደኝም ተቀበልኩት።

እምቢ ለተባሉ ሰዎች ሳልነግር ማለፍ የማልፈልገው አንድ መብት አለ። ሪፖርት በሚሸጥ ኩባንያ መረጃ ምክንያት ሥራ ከተከለከልክ ሪፖርቱን የሰጠው ማን እንደሆነ ሊነገርህ ይገባል፤ ማስታወቂያው በደረሰህ በ60 ቀን ውስጥም ቅጂውን ያለ ክፍያ መጠየቅና ስሕተት ካለበት እንዲጣራ ማድረግ ትችላለህ። የቀድሞ ቀጣሪዎችህ ስለ አንተ የላኩትንም የሴፍቲ መረጃ የማየት፣ እንዲታረም የመጠየቅና የራስህን መልስ ከጎኑ የማስቀመጥ መብት አለህ። የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ጉዳይ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ክሊሪንግሃውስ በሚባል የፌዴራል መዝገብ ውስጥ ስለሚገባ፣ ሲዲኤል ይዞ ለመቀጠር የሚያመለክት ሰው ሁሉ እዚያ ይጣራል፤ ድርጅት በመቀየር የሚታለፍ ነገር የለም።

ከተቀጠሩ በኋላም የሚቀር ግዴታ እንዳለ የማያውቁ ባልደረቦች አሉኝ። ከፓርኪንግ በስተቀር በማንኛውም መኪና ጥፋት ሲፈረድብህ በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪህ በጽሑፍ ማሳወቅ አለብህ፤ ፈቃድህ ከታገደ ደግሞ ማስታወቂያው በደረሰህ ማግስት የሥራው ቀን ሳያልቅ። አድራሻዬን በየመሥሪያ ቤቱ በጊዜው የምቀይረው፣ በዓመት አንድ ጊዜም ኤምቪአሬንና ፒኤስፒዬን አውጥቼ የማየው ለዚህ ነው።

የፍጥነቱ ጥፋት ሦስት ዓመት ሊሞላው አራት ወር ቀርቶታል። የእገዳው ጥያቄ ግን የጊዜ ገደብ የለውም፤ የፌዴራሉ ደንብ የሚጠይቀው ፈቃድ መቼም ታግዶ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ወደፊት በማመለክትበት ሁሉ «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ እነዚያኑ ሁለት መስመሮች እጽፋለሁ፤ ደረሰኙም ከሕክምና ካርዴ ጋር በአንድ ማኅደር ትራኩ ውስጥ አለ።